ቡናው በስሙ፤ ዘፋኙ በጅምላ

ከአዲስ አበባ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛውረው የሚመጡ ባልደረቦቻችን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሁለት ነገር ሲናገሩ ይሰማሉ። አንደኛው «የዚህ አገር ዝናብ አያባራም» የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው «እዚህ ቡና እንጂ ዘፋኝ አልበቀለም» የሚል ነው፤ ይህ ግን ሐሰት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ሁለተኛው አነጋገር ነው። እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ መንግሥት ሥራ ከገባሁ ጀምሮ በዚሁ በቡና አገር ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ስዘዋወር የኖርሁ ሠራተኛ እንጂ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ የማቀርበው በጆሮዬ የሰማሁትን፣ እንዲሁም በእጄ የፈጸምሁትን በደል ነው።

ነገሩን ከቡናው ልጀምር፤ በዚህ አካባቢ በቡና ነገር የማይስማማ ሰው የለምና። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1930ዎቹ ዓመታት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ፣ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ፣ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ። ከዚያም በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ወደ ፓናማ ተሻገረ። በፓናማም ለአርባ ዓመት ያህል ከሌላው ቡና ጋር እየተደባለቀ ሲሸጥ ኖረ፤ ያን ያህል ልዩ ነው ብሎ ያደነቀው ሰው አልነበረም። በ2004 ግን ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ባለቤቶች የየማሳውን ቡና እየለዩ ለየብቻው ቢቀምሱት፣ ከአንዱ ማሳ የወጣው እንደ አበባ የሚያውድና ከሌላው ሁሉ የማይመሳሰል ሆኖ አገኙት። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በጊዜው ጆሮ የሚያስይዝ ዋጋ ነበር። ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በለንደን ያለ ቡና ቀማሽ ሁሉ «ጌሻ» የሚለውን ስም ያውቀዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ቡናው በ2003ም በ2004ም ያው ቡና ነበር። የተለወጠው አቀማመሱ ብቻ ነው። ተደባልቆ ሲቀመስ የጠፋው ጣዕም፣ ተለይቶ ሲቀመስ ተገኘ። እኛም ይህን ታሪክ በየስብሰባው በኩራት እንተርከዋለን፤ «ቡናችን በየመንደሩ ተለይቶ በስሙ ይሸጥ» ብለንም እንከራከራለን። ገበሬው ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ እንዲለቅም እንመክራለን፤ ጀንፈሉን ከታጠበው እንዳይደባልቅ እንቈጣጠራለን። እንግዲህ ለቡናው የተቀበልነውን ሥርዓት ለሰው የምንነፍገው ስለ ምንድን ነው?

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የሚታደለውን መርሐ ግብር እስቲ አንሥተን እንመልከት። «የቤንች ባህላዊ ጭፈራ»፣ «የሸኮ ባህላዊ ዘፈን»፣ «የመዠንገር ባህላዊ ጨዋታ» ይላል። ከዚህ በቀር ሌላ ቃል የለበትም። ማን ዘፈነ? ማን ነፋ? ማን መታ? አይታወቅም። በዚያው ወረቀት ላይ ከዋናው ከተማ የተጠራ ዘፋኝ ካለ ግን ስሙ ከነአባቱ ስም በደማቅ ፊደል ይጻፋል፤ «አርቲስት» የሚል ማዕርግም ይቀድምለታል። እንግዲህ እንደ ወረቀታችን ከሆነ በከተማ የሚዘፍነው ሰው ነው፤ በጫካው ዳር የሚዘፍነው ብሔረሰብ ነው።

ይህ የጅምላ አጠራር የሚያስከትለው ጉዳት ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ ሰሚው አንዱን ተጫዋች ከሌላው እንዳይለይ ያደርገዋል፤ «የመዠንገርን ሰምቻለሁ» ያለ ሰው ሁለተኛ መዠንገራዊ ለመስማት ጆሮውን አያዘነብልም። ሁለተኛም፣ ጎበዙና መካከለኛው በአንድ ሚዛን ስለሚመዘኑ ወጣቱ ጎበዝ ለመሆን የሚያተጋው ነገር ያጣል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ጎበዙ የሞተ ዕለት አንድ ነገር መጉደሉን የሚያውቅ አይኖርም፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ተራ ቍጥር «ባህላዊ ጨዋታ» ተብሎ ሌላ ሰው ይቆማልና።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቴፒ በኩል በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ የበዓሉን መርሐ ግብር የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። በ4ኛው ተራ «የመዠንገር ባህላዊ ጨዋታ፤ 5 ደቂቃ» ብዬ ጻፍሁ። በዓሉ በዋለበት ዕለት ማለዳ ወንበር ስቈጥር፣ ከአዳራሹ ውጭ ከጣራው ክፈፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ቶም ሲጫወቱ ሰማሁ። ቶም በአገራችን ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በአኙዋ፣ በኑዌር፣ በመዠንገርና በሌሎችም ዘንድ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ስስና ቀጫጭን ምላሶች በእንጨት ላይ ተደርድረው ይታሰራሉ፤ ተጫዋቹም በሁለት እጁ ይዞ ምላሶቹን በአውራ ጣቶቹ እየነካ ያሰማል። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለጭፈራ ከሚደለቀው ከበሮ ጋር አይስማማም፤ የሚስማማው ቀርቦ ከሚሰማ ሰው ጋር ነው።

ከሽማግሌው ጣት የሚወጣው ድምፅ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ከቅጠል ወደ ቅጠል እንደሚወርድ ጠብታ ነበር። እርሳቸውም ከዚያ ሥር አንድ ዝግ ያለ እንጉርጉሮ ያሰሙ ነበር፤ ቃሉ ምን እንደሚል አላወቅሁም። የወንበሩ ቍጥር ጠፋኝና እንደገና ከአንድ ጀመርሁ፤ ዳግመኛም ጠፋኝ።

በመድረኩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የክብር እንግዳው ንግግር ስለ ረዘመ 5 ደቂቃው ወደ 2 ወረደ። ድምፅ ማጉያው ለቆመ ዘፋኝ ተብሎ የተተከለ ስለ ነበረ ከተቀመጡት ሽማግሌ ራስ በላይ ቆሞ ቀረ፤ ዝቅ የሚያደርገውም ሰው አልተገኘም። አስተዋዋቂው «አሁን ደግሞ የመዠንገር ባህላዊ ጨዋታ» አለ፤ ያነበበው እኔ የጻፍሁለትን ነው። ቶሙ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። ሕዝቡ ግን በጨዋነት አጨበጨበ፤ ሽማግሌውም ወረዱ።

በደረጃው ላይ ስንገናኝ «ልጄ፣ የተጫወተው ማን እንደ ሆነ ነገራችኋቸው?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ፤ የመዠንገር ጨዋታ መሆኑን ተናግረናል» ብዬ መለስሁ።

«መዠንገርማ ብዙ ሰው ነው። ዛሬ የመጣሁት እኔ ነኝ» አሉና ቶማቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። እኔም የእንግዶቹን ምሳ ለማስተናገድ ቸኵዬ ነበርና ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

አነጋገራቸው ግን ከልቤ አልወጣም። ከዓመት በኋላ ልፈልጋቸው አስቤ የበዓሉን ፋይል ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። በፋይሉ ውስጥ ድምፅ ማጉያውን ያከራየው ነጋዴ ስም አለ። ወንበር ያመላለሰው ሾፌር ስም ከነሰሌዳ ቍጥሩ አለ። ለስላሳና ውኃ ያቀረበችው ባለሱቅ ስም ከነደረሰኟ አለ። የተጫዋቾቹ አበል የተከፈለው ግን «ለባህል ቡድን» ተብሎ በአንድ አስተባባሪ ፊርማ ስለ ነበረ፣ ሽማግሌው በአንድም ወረቀት ላይ የሉም። ለወንበሩ የጠየቅነውን ያህል ማስረጃ ለሰውዬው አልጠየቅንም ነበር። መርሐ ግብሩን የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ በእርሱ ላይ ብዙ ቃል በተናገርሁ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የእኔው ነው።

ስም ምን ይጠቅማል የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ በመከራከር ፈንታ የሚሰሙ ሰዎችን ልጥቀስለት። በሙዚቃ አዋቂዎች ዘንድ የተከበሩ ቢሆኑም በእኛ ሻይ ቤቶችና በሚዛን ቴፒ መንገድ በሚመላለሱት መኪናዎች ውስጥ ሲሰሙ ያላጋጠሙኝ ናቸው።

አስቀድሞ ኃይሉ መርጊያን አመለክታለሁ። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አወጣ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ ሰማና ባለቤቱን ፈልጎ አገኘው፤ ሥራውም በ2013 እንደገና ታተመ። የታክሲ ነጂውም በሽምግልናው በዓለም መድረኮች ላይ ዳግመኛ ተቀመጠ። ካሴቱን በምሽት ብቻችሁን ስሙት፤ አኮርዲዮን በእኛ ቅኝት እንዴት እንደሚተክዝ ይገባችኋል። ነገር ግን አስቡት፤ በካሴቱ ልባስ ላይ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ሙዚቃ ተምረው፣ ኋላ በግሸን ማርያም መንኵሰው፣ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ። ሰፊው ዓለም የሰማቸው ግን ሥራቸው በ2006 በድጋሚ ሲወጣ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኗቸው የሚጣደፍ ሰው ጨዋታ አይደለም፤ ለሚጣደፍ ሰው ግን መድኃኒት ነው።

አስናቀች ወርቁን ደግሞ በክራሯ ስሟት። በመድረክ ላይ በተዋናይነት ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች፤ በ2011 ዐረፈች። ስትዘፍን ክራሯን ስለማታስጮኽ አንዳንዱ ሰው ቶሎ ያልፋታል። እንዲህ ያለው ሰው ቀስ ብሎ የሚናገረውን ሁሉ እንዲሁ ያልፋል።

የበገናው መምህር አለሙ አጋም ይሰሙ። የአሥሩን አውታር ጥልቅ ድምፅ ከሹክሹክታ ካልበለጠ ቃል ጋር ሲያስማሙ፣ ሰሚው ሳይታዘዝ ዝም ይላል። ልብ የምላችሁ ግን ይህን ጭምር ነው፤ በገናን ያስተማሯቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መሆናቸውን እናውቃለን። የተማሪው ስም የመምህሩን ስም ይዞት መጣ። የቴፒው ሽማግሌ ቶምን ከማን ተማሩ? ከእርሳቸው ስም ጋር የመምህራቸውም ስም ተቀብሯል።

ለብዙ መሣሪያዎች ስምምነት የሚያደላ አንባቢ ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ይፈልግ። በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ የመሠረተው፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ይህ ጓድ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለ መሣሪያዎችን በአንድነት አስቀምጦ አጫውቷል። የመላኩ ገላውን ዋሽንትና የጌታመሳይ አበበን ማሲንቆ በውስጡ ለይታችሁ ለመስማት ሞክሩ፤ በኅብረት መካከል አንድ ሰው እንደማይጠፋ ያስተምራሉ።

ወደ ደቡብ ስንመለስ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ካሳተማቸው ከ30 የሚበልጡ ጥራዞች ውስጥ ብዙዎቹ የአዲስ አበባን ሙዚቃ የያዙ ናቸው፤ 12ኛው ግን ለኮንሶ የተሰጠ ነው። ያንን የሰማ ሰው «ከደቡብ ዘፋኝ አልበቀለም» ለማለት አይደፍርም። ከኮንሶ አጠገብ ያለውን የደራሼን ፊላ የሰማም እንዲሁ።

እስካሁን ያልሁትን የሚቃወሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ የምወዳቸው ባልደረቦቼ ስለ ሆኑ መልስ መስጠት ይገባኛል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «የብሔረሰብ ዘፈን የጋራ ሀብት ነው፤ በአንድ ሰው ስም መጥራት ከሕዝቡ መንጠቅ ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ከበጎ ሐሳብ የመጣ ስለ ሆነ በቀላሉ አልገፋውም። ዘፈኑ የጋራ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ጉሮሮው ግን የጋራ አይደለም። ዶሮ ወጥም የሁላችን ነው፤ ሆኖም በሠርግ ቤት ወጡ የጣመው እንግዳ «የማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠሪዋም ብትጠራ ዶሮ ወጥን ከሕዝቡ ነጠቀች አይባልም። የፊላንም ነገር ብንመለከት፣ እያንዳንዱ ነፊ የደረሰችውን ጥቂት ድምፅ በተራው ይነፋል፤ ዜማው ከሁሉ ተገጣጥሞ ይወጣል። ከመካከል አንዱ ቢቀር በዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። የኅብረት ሙዚቃ ከሆነ እንግዲያው የሁሉንም ስም መጻፍ ነው እንጂ የሁሉንም መተው አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ስም ብንጠራ ቅናት ይነሣል» የሚል ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ ጎል ያገባው ልጅ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እስከ ዛሬ የፈረሰ ቡድን አላየሁም። ቅናትስ ቢነሣ፣ በመልካም ሥራ መቀናናት ለጥበብ ማዳበሪያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «መንገዱ ሳይጠገን፣ ወባው ሳይጠፋ፣ ስለ ዘፋኝ ስም መነጋገር ቅንጦት ነው» ይላል። ይህን የሚሉት ሰዎች በዓሉን ራሱን ቅንጦት ነው ብለው አላስቀሩትም፤ ድንኳኑም ይከራያል፤ ካኔቴራውም ይታተማል። እኔ የምጠይቀው የአንድ መስመር ጽሕፈት ነው። ለዚህ በጀት አይያዝለትም።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ልመናዬን አቀርባለሁ።

እናንት በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ሹማምንትና ሠራተኞች፣ የመርሐ ግብሩን ቅጽ ለውጡት። ከብሔረሰቡ ስም ቀጥሎ የተጫዋቹ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የያዘው መሣሪያና ያስተማረው ሰው ይጻፍ። አበሉን ለየሰዉ በየስሙ አስፈርማችሁ ክፈሉ፤ ይህ ለሒሳብ ሹሙም ሆነ ለታሪክ ጸሐፊው ይጠቅማል። ድምፅ ማጉያውንም ለተቀመጠ ሰው ዝቅ አድርጉለት።

እናንት መምህራን፣ ከበሽታና ከሞት በፊት መድረስ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ካሉት ዘፋኞችና ባለ መሣሪያዎች የአንዱን ስምና ታሪክ ጽፎ እንዲያመጣ አንድ የቤት ሥራ ስጡ። በአንድ ወር ውስጥ ማንም ቢሮ የሌለው መዝገብ በእጃችሁ ይገባል።

እናንት ተማሪዎች፣ በተለይም በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ የቀድሞ ተመራማሪዎች በበቅሎ ጭነው ያመላልሱት ከነበረው መቅረጫ ይበልጣል። ወደ የኪ፣ ወደ ሸኮ፣ ወደ ማሻም ሆነ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ ጨሞ እየተጠጣ በሚመሽበት ቤት አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። መቅረጽ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ባለ ዜማው በገዛ አንደበቱ ስሙን ይናገር፤ ስሙ ከዜማው ጋር በአንድነት ይቀረጽ። ያን ጊዜ ቅጂው ወደ የትም ቢሄድ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ብለዋል። የጌሻን ቡና ለይተው ቀምሰው ወርቅነቱን የነገሩን በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። ቡናውስ ዘሩ ስለ ነበረ ዘግይቶም ቢሆን ተገኘ፤ ሰው ግን ከሞተ በኋላ ተመልሶ አይጫወትም። ዳግመኛም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን በሕይወት ሳለ የጠየቀው ሰው ሲኖር ነው።

እኔም የቴፒውን ሽማግሌ መፈለጌን አልተውሁም። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚሄዱ፣ ቶማቸውን በጨርቅ የሚጠቀልሉ ናቸው። ይህን የሚያነብብ በዚያ አካባቢ የሚያስተምር ወይም የሚሠራ ሰው እኒህን አባት ቢያገኛቸው፣ በመጀመሪያ ስማቸውን ጠይቆ ይጻፍ፤ ቀጥሎም ለመጫወት ፈቃዳቸው እንደ ሆነ ይጠይቃቸው። በሕይወት ከሌሉም የልጅ ልጃቸው ያውቃልና እርሱን ይጠይቅ። በእኔ ወረቀት ላይ 4ኛው ተራ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።